ፊት የሌላቸው እጆች

«ኔትወርክ አለሽ?»

«አለኝ» አለች አዛለች። መልሱ ጎደሎ እንዳይሆን ብላም፣ «ግን ወጣ ገባ ይላል» ስትል ጨመረችበት።

ጋቢና የሱፍ ባና ተከናንበው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ላይ የተደረደሩት መምህራን ከጠዋት ጀምሮ እየተቀባበሉ ሲስሉ ነበር፤ ሳሉ ድንገት ቆመ። ከወረዳ የመጡት ገምጋሚ፣ አቶ ኃይለ ኢየሱስ፣ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙና ከኋላ የተቀመጠችውን ሴት ገና አሁን የገባች ይመስል አተኩረው አዩዋት። ከእሷ በፊት የተጠየቀ ሁሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ትዕዛዙ ሳይቀር፣ «የለኝም» ብሎ ነበር የተቀመጠው። የስፖርት መምህሩማ «ኖሮኝ አያውቅም፤ እንዲኖረኝም አልመኝም» ብሎ አስጨብጭቧል።

አዛለች ይህን ሁሉ አልተከታተለችም። ሁለት እጆቿን ከጋቢዋ ሥር አድርጋ፣ ለነገ ያዘጋጀችውን ዓረፍተ ነገር በምልክት ቋንቋ እየተለማመደች ነበር። «ዝናብ ቢመጣ በጎቹ ይገባሉ» የሚል ነው። ዝናቡም በጎቹም እሺ ብለዋታል፤ «ቢ» ነበር ያስቸገራት።

በዚያ ዓመት፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ «ኔትወርክ» ሁለት ቃል ነበር። ለስልክ ሲሆን ሁሉም የሚመኘው፣ ለግምገማ ሲሆን ሁሉም የሚክደው። በጥልቅ ተሃድሶው መድረክ ኔትወርክ ማለት በድብቅ የተሳሰረ ቡድን ነው፤ ይጋለጣል፣ ይበጠሳል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ኔትወርክ ያልተገኘበት ትምህርት ቤት በጥልቀት አልታደሰም ማለት ስለሆነ፣ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ትምህርት ቤቱ ካለበት ከጥድ አምባ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ማግኘት ነበረባቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። የመንዝ ብርድ ጉንፋን አሲዟቸው፣ ከትናንት ጀምሮ «የለኝም» ሲሰሙ ቆይተው፣ አንዲት ሴት «አለኝ» ስትላቸው ፊታቸው ላይ የታየው ከቁጣ ይልቅ እፎይታ ነበር።

«ከማን ጋር ነው?» አሏት፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አዛለች መስማት የተሳናቸውን ልጆች ክፍል ከያዘች ጀምሮ ከበላይ የመጣ ሰው ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነውና ደስ አላት። ብድግ ብላ ዘረዘረችው። ከጎንደርም ከሐዋሳም ከድሬዳዋም መምህራን አሉበት፤ የተዋወቁት በፌስቡክ ነው፤ አብዛኞቹን በአካል አታውቃቸውም፤ ዳታው ሳይቋረጥ በፊት በየሳምንቱ ይገናኙ ነበር። ምን እንደሚለዋወጡ ሲጠይቋት «ቪዲዮ» አለች። የምን ቪዲዮ ሲሏት፣ አጠገቧ የተቀመጠው መኳንንት የጋቢዋን ጫፍ ይዞ ጎተታት። አፏ ግን ከእሱ እጅ ይፈጥን ነበር።

«የምልክት» አለች።

የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ከወጣ ገና ወር ቢሆነው ነው። በዐዋጁ ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ በምልክት መልእክት ማስተላለፍ ነበር፤ ሁለት እጅ አጣምሮ ማሳየት የተቃውሞ ምልክት ነውና ያሳስራል ተብሎ በየስብሰባው ተነግሯል። በጥድ አምባ ሰው ብርድ ሲመታው እንኳ እጁን ደረቱ ላይ ማጣመሩን ትቶ ኪሱ ይከት ጀምሮ ነበር። ኪስ የሌለውም ብርዱን ይችለዋል።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ እስክሪብቷቸውን አነሡ። «እጅ ማጣመርስ አለበት?»

«አለ። ‹ታሰረ› ለማለት ነው» አለች አዛለች። «በግ ሲታሰር።»

ከፊት ወንበር አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና መንገድ ላይ ወደ ሳል ቀየረው። የእሷ ክፍል በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ «ልዩ ፍላጎት» መሆኑም አልጠቀማትም። ቃለ ጉባኤ ያዡ «ልዩ ፍላጎት ያላት መምህርት» ብሎ ሲጽፍ እውነቱን ነበር የጻፈው፤ የሚነበበው ግን ሌላ ነበር። ያን ጊዜ ነው አዛለች በአዳራሹ ውስጥ ማንም እንደማያያት ያስተዋለችው። ሁሉም ጫማውን ያያል።

ውሳኔው አጭር ነበር። ስልኳን ይዛ ከምሳ በኋላ ትመለሳለች። ስልኳ ቤት ነው፤ ቻርጅ ላይ። መልካም፤ መኳንንት አብሯት ይሂድ፤ ለጥበቃ ይሁን ለአጃቢነት አልተገለጸለትም። ምልክቱን የሚያሳየው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ትናገራለች። ከተናገረች በሂስ ይታለፋል። ካልተናገረች ክፍሉ ይዘጋል፤ እሷም ለሚመለከተው አካል ትተላለፋለች። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ስልኩ ላይ በተገኘ ዘፈን ምክንያት ለስልጠና ተወስዶ፣ ሚስቱ ስንቁን ቋጥራ የት እንደምትሄድ የሚነግራት አጥታ ከርማለች።

ውጭው ጥርት ብሎ ነጥቶ ነበር። ሌሊት የወረደው ውርጭ ከጥላው ሥር ገና አልቀለጠም፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ገብስ ተከምሯል። መኳንንት አማርኛ የሚያስተምር፣ ለቀልድ የማይሰንፍ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ግማሹን መንገድ መሬት መሬት እያየ ሄደ።

«አንቺ፣ ምነው ዝም ብለሽ በድንጋይ በመታሽኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ወጣ ገባ ይላል› አልሻቸው እኮ። ወጣ ገባ የሚል ኔትወርክ ደግሞ ከማይወጣው ይብሳል፤ ተሽሎክላኪ ነው ማለት ነው።»

አዛለች አልሳቀችም። እሱም እንድትስቅለት አልጠበቀም።

«አዙ፣ ስም ስጫቸው» አለ ቀጥሎ። «የቆላ ሰው ነው፤ አይተሽው አታውቂ፤ አያውቅሽ። ስም ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«ከዚያስ ምን ያደርጉታል?»

«እሱን አላውቅም። አንቺም ባታውቂው ይቀልሻል።»

የተከራየቻት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ መኳንንት አልገባም። ጀርባውን ሰጥቷት ቆመና በሬዎች የሚያበራዩበትን የጎረቤት አውድማ ያይ ጀመር። ቆይቶም፣ ለማንም ሳይሆን ለአውድማው፣ «እኔ ዓይኔ ሩቅ እንጂ ቅርብ አያይም» አለ።

አዛለች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ከሶኬቱ ነቀለችው። ውስጡ ያለው ትምህርት ቤቷ ነው። ይህን ክፍል ስትረከብ ያገኘችው ስልጠና ደብረ ብርሃን ላይ የተሰጠ የጥቂት ቀን ስልጠና ሲሆን፣ አብዛኛው ስለ ልዩ ፍላጎት ፖሊሲ ነበር። የተመረጠችውም የክፍለ ጊዜዋ ብዛት ከሌሎቹ ስላነሰ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን እየሩስ የምትባል፣ የባና ሠሪዋ የአስካለ ማርያም ልጅ፣ አፏን ከፍታ ጮኸችባት። ውሃ መስሏት ውሃ ሰጠቻት፤ ጮኸች። ዳቦ ሰጠቻት፤ ዳቦውን ይዛ አለቀሰች። የፈለገችው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያን ሰሞን አዛለች መሐል ሜዳ ከተማ ወርዳ፣ ዳታ ከሚሠራበት ሆቴል ፊት ለፊት ቆማ፣ የልጅቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችና «ይህች ልጅ ጆሮዋ አይሰማም። ምን ብዬ ላስተምራት?» ብላ ጻፈች። ብዙ ሰው «እግዚአብሔር ይማራት» አላት። አንድ ሰው ቪዲዮ ላከላት።

ሙሐመድያሲን የሚባል መምህር ነበር፤ ከመንዝ ገደል ሥር ካሉት የቆላ ከተሞች በአንዱ የሚያስተምር። እናቱ መስማት የተሳናት ስለሆነች የእጅ ቋንቋውን ያገኘው ከእናቱ ጭን ላይ ነው። ከአጎቱ ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳር ጆንያ ፊት ቆሞ፣ ከአንገቱ በታች ብቻ እየታየ ውሃ፣ ዳቦ፣ እናት፣ እሺ፣ እምቢ እያለ አሳያት። ሌሎች መምህራን እያደር ተጨመሩ። የሐዋሳዋ ሴት ቁጥር በእጅ እንዴት እንደሚደመር ላከች፤ የጎንደሩ ሰውዬ ልጆቹ ሲጣሉ ቀረጸ። አዛለችም ባዶ እጇን አልቀረችም። እየሩስ ከቤቷ ይዛው የመጣችው የራሷ የውርጭ ምልክት ነበር፤ ጣቶቿን ጉንጯ ላይ ቆንጥጣ እንደ ብልጭታ ትበትናቸዋለች። ያን ቀርጻ ላከች። የሙሐመድያሲን ተማሪዎች፣ ውርጭ ዓይተው የማያውቁ የቆላ ልጆች፣ ምልክቱን ወደዱትና በኬሻ ለሚሸጥ በረዶም ለቀዝቃዛ ለስላሳም እንደሚጠቀሙበት ጻፈላት። ያን መልእክት ያነበበች ቀን ከመሐል ሜዳ እስከ ጥድ አምባ ባለው መንገድ ሁሉ ለብቻዋ ፈገግ ስትል አውቶቡሱ ውስጥ ያያት ሰው ምን እንዳሰበ አይታወቅም።

አንድ ነገር ግን ቅር ይላት ነበር። እጅ ብቻውን ቃል ነው፤ ቃሉን ጥያቄ የሚያደርገው ቅንድብ ነው። ልጆቹ የነገሩን ስም እንጂ ስሜቱን እየተማሩ እንዳልሆነ ጻፈችለት። ዓይናፋር ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ብዙ ቆይቶ መለሰ። ዳታው ከመቋረጡ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣው ቪዲዮ ላይ ፊቱ ነበር። ቀጭን፣ ጥርሱን ለመደበቅ የሚሞክር ፊት፤ ቀኝ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ያለበት። እዚያ ላይ ስለ ራሱ በምልክት ተናገረ፦ ስለ እናቱ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ አጎቱ ሱቅ። በበጋው ዕረፍት ወደ ደጋ ወጥቶ እየሩስን ሊያይ እንደሚፈልግም። እየሩስ ቪዲዮውን እስክትጠግበው አየችው። ከዚያ አመልካች ጣቷን አነሣችና የራሷን ቅንድብ ለሁለት ከፈለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውዬው ስም ይህ ሆነ።

አዛለች ፊቱን አንድ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው፣ አየችው። ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። ቁጥሩን አጠፋች፤ መልእክቶቹን አጠፋች። እጆቹን ግን ማጥፋት አቃታት። ያለ እነሱ ነገ ክፍል ገብታ ምን እንደምትል አታውቅም። ደግሞስ፣ ብላ አሰበች፣ እጅ ማንን ያሳስራል?

መኳንንት ከውጭ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መምህራኑ ተራ በተራ አጎንብሰው አዩ፦ ጆንያ፣ ሸሚዝ፣ ሁለት እጅ። አቶ ኃይለ ኢየሱስ መነጽራቸውን ጠርገው ደጋግመው አጫወቱት።

«ፊቱ የታለ?»

አዛለች ሰውዬው ስልኩን የሚያስደግፍበት አጥቶ እንደሆነ ተናገረች። ስሙንም አላውቀውም አለች፤ ፌስቡክ ላይ «የቆላ መምህር» ነው የሚለው። ውሸት ስትናገር ከወትሮዋ ይበልጥ ረጋ ማለቷን ራሷም ታዘበችው።

«መምህርት» አሉ ገምጋሚው፣ እንደ ደከመው አባት ሆነው፣ «ፊት የሌለው ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። እኔም አራተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ሳስተምር ፊቴ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ትዕዛዙ ሊረዳት የተነሣው። ወጣቱ ርዕሰ መምህር ቀኑን ሙሉ ኅሊናው ሲሞግተው ውሎ ነበርና ድንገት መፍትሔ ታየው። ጉዳዩ ትምህርት መሆኑን በዓይን ማየት ይቻላል አለ። ልጅቷ፣ እየሩስ፣ ከዚሁ ጎን ክፍል ውስጥ አለች። ትምጣና ያወቀችውን ታሳይ። እንዲያውም ለትምህርት ቤቱ መልካም ተሞክሮ ነው። ወደ አዛለች ዞሮም «አይዞሽ» በሚል ዓይን አያት። አዛለች «አይሆንም» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ትዕዛዙ ግን ልጅቷን ሊጠራ ወጥቶ ነበር።

እየሩስ የአባቷን ኮት ለብሳ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ገባች። ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ስታይ አልፈራችም፤ ይልቁንም ደረቷን ነፋች። አሳዪ ስትባል አሳየች። ገብስ። በግ። እናቴ ባና ትሠራለች። ውርጭ ስትል ጣቶቿ ጉንጯ ላይ ብልጭ ሲሉ ከኋላ ወንበር አንድ ሁለት ሰው ሳያስበው ከጋቢው ሥር ደገመው። አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሳይቀሩ ሞከሩት፤ ተሳሳቱና ልጅቷ እጃቸውን ይዛ አስተካከለቻቸው። አዳራሹ ሳቀ። በሁለቱ ቀን ውስጥ ያለ ፍርሃት የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው። አዛለችም በልቧ፣ አለፈ አለች።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ ስልኩን አነሡ። ቪዲዮውን ከፍተው ልጅቷ ፊት ያዙት። በጣታቸው ወደ እጆቹ ጠቆሙ፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡ፤ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

ይህን ጥያቄ ለማስተርጎም ማንም አያስፈልግም።

የእየሩስ ፊት በራ። ጣቷ ወደ ቅንድቧ ሄዶ ለሁለት ከፈለው፤ ከዚያ እጆቿ ተከታተሉ። በጽሑፍ ቢሰፍር እንዲህ ነው፦ ቅንድቡ የተከፈለው ሰውዬ። መምህር። እናቱ እንደ እኔ፣ ጆሮዋ አይሰማም። ቆላ፣ ሙቀት። ከተማው ይህ ነው፤ እንደ ተማረችው የከተማውን ስም በጣት ፊደል ጻፈችው። የአጎት ሱቅ፣ ጆንያ። በበጋ ይመጣል። እኔን ለማየት።

አዛለች በምሳ ሰዓት ያጠፋችውን ሁሉ ልጅቷ መልሳ አዳራሹ መሐል አቆመችው። ሁሉም አየ፤ አንድም ያነበበ አልነበረም።

«ምን አለች?»

አዛለች ለልጅቷ የሚተረጉምላት ሌላ ሰው እንደሌለ ገባት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልጅቷ ያላት አፍ እሷ ብቻ ናት።

«አታውቀውም» አለች። «እጆቹን ብቻ ነው የማውቀው ትላለች።»

«ግንባሯን ነካች እኮ። እሱስ?»

«ራሴን አሞኛል ነው የምትለው።»

አዳራሹ አዘነላት። አንዲት መምህርት ከንፈሯን መጠጠች፤ ብርዱ ነው፣ ይህ ኮት ምን ይይዝላታል የሚል ተሰማ። ትዕዛዙ ወደ ቢሮው ሮጠ። እየሩስ ግን የሰዎቹን ፊት ስታይ የጠበቀችውን ስላላገኘች ያልገባቸው መሰላት። ያልገባው ሰው ሲያጋጥምሽ አትቆጪ፣ ቀስ አድርገሽ፣ አግዝፈሽ ድገሚለት ብላ ያስተማረቻት አዛለች ናት። ቀስ አድርጋ፣ አግዝፋ ደገመችው። ጣቷን ቅንድቧ ላይ ጫን አድርጋ ሳበችው፤ እንደገናም ሳበችው።

«እውነትም ክፉኛ አሟታል» አሉ አቶ ኃይለ ኢየሱስ፣ ስልኩን ኪሳቸው እየከተቱ።

ትዕዛዙ በአንድ እጁ ውሃ በጣሳ፣ በሌላው ነጭ ክኒን ይዞ ተመለሰ። ክኒኑን ልጅቷ መዳፍ ላይ አኖረላትና ራሱን እንደሚያመው ሰው ግንባሩን ይዞ፣ ትውጠው ዘንድ አፉን ከፍቶ አሳያት። ደግ ነበር፤ ምልክቱም ግልጽ ነበር።

እየሩስ ክኒኑን አየችው። ቀና ብላ ትዕዛዙን አየች፣ ገምጋሚውን አየች፣ ከዚያ መምህሯን አየች፤ እዚያ ቆየች። አዛለች ፊቷን ማዞር ፈለገች፤ አልቻለችም። በልጅቷ ፊት ላይ ቁጣ ቢኖር ትችለው ነበር። የነበረው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ዳቦ ይዛ ስታለቅስ የነበረው ፊት ነው። እየሩስ ክኒኑን አፏ ውስጥ ጨመረች፤ ውሃውን እስከ ዝቃጩ ጠጣች፤ ጣሳውን ለትዕዛዙ መለሰችና እጆቿን ወደ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ሳበቻቸው። እጅጌው ረጅም ስለሆነ ጣቶቿ ሁሉ ገቡ።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞረው፣ ለጊዜው በሂስ ታልፏል፣ ክፍሉ ይቀጥል፣ ስልኩ ለማጣሪያ ይቆይ አሉ። መኳንንት ትልቅ ትንፋሽ ሲያወጣ ተሰማ። የሚቀጥለው ተገምጋሚ ስም ከመጠራቱ በፊት ገምጋሚው ልጅቷን ደግመው አዩዋትና፣ አባትነታቸው መጣባቸው።

«ጎበዝ ናት» አሉ። «ጎበዝ ብለውሻል በያት።»

አዛለች እጇን አነሣች። እየሩስ አጠገቧ፣ በክንድ ርቀት ቆማለች፤ ፊቷም ወደ እሷ ዞሯል። ዓይኖቿን ግን ጨፍናለች። እንደ ተኛ ሰው አይደለም፤ አጥብቃ፣ የዓይኖቿ ቆብ እስኪሸበሸብ ድረስ ነው የጨፈነችው።

«ንገሪያት እንጂ» አሉ አቶ ኃይለ ኢየሱስ።

አዛለች እጇን እንዳነሣች ቆመች።